በክር የተለካው ታብሌት

ታብሌቱን የገዛሁ ቀን ወደ ሸማ ተራ የተመለስኩት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም። ካርቶኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ደረቴ ላይ አጣብቄዋለሁ። አንድ ተሸካሚ ከኋላዬ «ዞር በይ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር፤ ያን ቀን ግን ፈገግ ብዬ መንገዱን ለቀቅኩለት። አርባ ዓመት ያለፋት፣ የባህል ልብስ ሱቅ ያላት ሴት እንዲያ ስትሆን ያየ ሎተሪ ደርሷት ነው ቢል አይፈረድበትም።

ደስታዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሱቄ ውስጥ የምሸጣቸውን ቀሚሶች ጥለት የምነድፈው እኔው ነኝ። የሚሠሩልኝ ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚሸምኑ አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ ባለካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ካሬ በቀለም እርሳስ እሞላለሁ። ጋሼ ወረቀቱን አጠገባቸው ይሰቅሉና ካሬውን እየቆጠሩ፣ ድሩን በጣታቸው እያነሱ የቀለሙን ክር ያስገባሉ። አሥራ ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ ሠርተናል።

ባለፈው ጾም አንድ ቀን ክፍላቸው ስገባ ጋሼ ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ በሩ፤ ከዚያ ጭራሽ ደጅ ወጡ። ሲመለሱ ወረቀቱን አጣጥፈው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ካሬው ተደባለቀብኝ» አሉኝ። «ሐኪሙ መነጽር ቀየረልኝ፤ ያው ነው። ይቺን የያዝናትን የሙሽራ ልብስ እንደምንም ልጨርስልሽና በቃኝ።»

«በቃኝ ማለት?»

«በቃኝ ማለት በቃኝ ነዋ። ወደ ልጄ ቤት እገባለሁ፤ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ፀሐይ እሞቃለሁ።»

ይህን ሲሉ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ሥራ ፈትተው ተቀምጠው ነበር። እነዚያን እጆች ሥራ ፈትተው አይቻቸው አላውቅም። ሌላ ሸማኔ ጠፍቶ አይደለም፤ ለሱቄም ቢሆን አማራጭ አላጣም። ግን ጋሼ ፀሐይ ሲሞቁ ማየት አልፈለግኩም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

መላው የመጣልኝ ከአንዲት ደንበኛ ነው። የምትፈልገውን ቀሚስ በታብሌት ልታሳየኝ መጥታ፣ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ስትዘረጋው አንዷ የጥለት ነጥብ ባቄላ አከለች። የልጅቱን እጅ ያዝኩና «እስኪ ድገሚው!» አልኳት። ደገመችው። የቀሚሱን ወሬ ትቼ የታብሌቱን ስም አስጻፍኳት። ጥለቱን እዚያው ላይ በብዕር ልሳለው፣ ጋሼም የፈለጉትን ያህል አስፍተው ያዩታል፤ በቃ! ርካሹን መግዛት አልፈለግኩም። ስክሪኑ ትልቅ፣ ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ብዕሩ አብሮት የሚመጣ፣ ከሁሉም የላቀ የሚባለውን አልኩ።

አሁን ስሕተቴን ልናገር። አንድ ፎቅ ላይ ያገኘሁት የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ጨዋ ሰው፣ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አድርጎ «እህቴ፣ ከፍቼ ላሳይሽ?» አለኝ።

«እንዳትነካው!» አልኩት። «ያልተከፈተውን ነው የምፈልገው።»

መርካቶ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን በሽታዬን ያውቀዋል። ላስቲኩ ካልተቀደደ ኦርጂናል ነው፣ ከተቀደደ ሰው ነክቶታል። ሰው ከነካው ደግሞ ቢምልም ቢገዘትም አናምነውም። እኔ ግን ነጠላ ልትገዛ የመጣችን ሁሉ «ዘርጊው፣ ገልብጪው፣ ወደ ብርሃን ያዢው፣ ካየሽው በኋላ ውሰጂ» የምል ሴት ነኝ። ለሸማ የምሰብከውን ለታብሌት ረሳሁትና እንደታሸገ አቅፌ ወጣሁ።

ሱቄ ገብቼ ላስቲኩን በጥፍሬ ቀደድኩት። ካርቶኑ እየተንሸራተተ በዝግታ ተከፈተ። ታብሌቱ እንዴት ያምራል! ቀጭን ነው፣ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ ፊቴን መልሶ ያሳየኛል። ባንኮኒው ላይ አስተኛሁትና በጣቴ ነካሁት። ተንቀጫቀጨ።

ባንኮኒው ነው አልኩ። ከሥሩ ወረቀት አጥፌ ሰገሰግኩለት። አሁንም ተንቀጫቀጨ። ወንበር ላይ አደረግኩት፤ ወንበሩ አሮጌ ነው አልኩ። በመጨረሻ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬ ተንበረከክኩ፣ እዚያም አንዱ ጥግ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲሚንቶውን ማን እንዳፈሰሰው ለማሰብ ሞከርኩ። ድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ሲነካ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላላል አልኩ። ከታች በኩል በጠርዙ ሥር የደበዘዘ ብርሃን ያፈሳል፤ ጌጥ ይሆናል አልኩ። ሰው ሲወድ እንዲህ ነው፤ አንድ ደንበኛ ይህን ሁሉ ሰበብ ቢያቀርብልኝ በሳቅ እሞት ነበር።

የሙሽራዋን ጥለት ለመሳል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ብዕሩን ስለምደው ወረቀት ላይ ያጠፋሁት ዕድሜ አንገበገበኝ። ተሳሳትኩ፣ አጠፋሁ፣ ቀዩን ወርቃማ አደረግኩ፣ መልሼ ቀይ አደረግኩ፤ አንድ እርሳስ ሳልቀርጽ! በሦስተኛው ቀን ጋሼ ዘንድ በረርኩ።

የሥራ ክፍላቸው ገብቼ ታብሌቱን ፊት ለፊታቸው አቆምኩና ጥለቱን በሁለት ጣቴ ዘረጋሁት። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።  ጉንጫቸው ላይ የስክሪኑ ቀይ ብርሃን አርፏል።

«ይቺ ቀይ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺ ወርቃማ። ይቺ… አረንጓዴ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…»

እየቆጠሩ ነው! እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ሥዕሉ ዘሎ ሌላ ቦታ ሄደ።

«ነካሽው እንዴ?»

«አልነካሁም ጋሼ።»

መለስኩት። ከአንድ ጀመሩ፤ ሰባት ላይ ሥዕሉ ያለ ማንም ንክኪ አነሰ፣ ከዚያ ገዘፈ፣ ከዚያ ነጠላውን ትቶ የቀሚሱ ጫፍ ላይ ቆመ። ለሸማኔ ቆጠራው ከጠፋ ሥራው ጠፋ። አንዲት ካሬ ከተሳተች ስሕተቱ እስከ ቀሚሱ ጫፍ ይከተላል፤ ያንን መፍታት ደግሞ አዲስ ከመሥራት ይብሳል።

ጋሼ ታብሌቱን ከእጄ ወሰዱና ዓይናቸውን ጨፍነው ጠርዙን ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አንዱ ጥግ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«መስተዋቱ እዚች ጋ ብቅ ብሏል» አሉ። «የጥፍር ያህል ነው።»

ከኪሳቸው አንድ ዘለላ ነጭ ክር አወጡ። የታብሌቱን ጀርባ ወደ ላይ አደረጉና ክሩን ከጥግ እስከ ጥግ ወጥረው «ያዢልኝ» አሉ፤ ያዝኩ። በክሩ እና በጀርባው መካከል ብርሃን ገባ። ቅጠል በቀላሉ ያሳልፋል።

«ጎብጧል ልጄ።»

«ይሄማ አይጎብጥም!» አልኩ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከሁሉም የላቀው ነው!»

ሳቁ። ሲስቁ እኔም ሳቄ መጣ፣ ግን ውስጤ ነደደ። መስተዋቱ ጥግ ላይ ስለተነሳ ታብሌቱ የሌለ ጣት እየተሰማው ነበር። የሰበብ ክምሬን ሁሉ፣ ባንኮኒውን፣ ወንበሩን፣ ሲሚንቶውን ነገርኳቸው። ጋሼ ሳቃቸውን ጨርሰው ክሩን ጠቀለሉና ወደ ድራቸው ዞሩ፤ «እንግዲህ በእጄ ያለውን ልጨርስና…» አሉ። ሳይጨርሱት አቋረጥኳቸው።

«ነገ ጠዋት እንመልሰዋለን። አብረውኝ ይሄዳሉ፣ ክርዎንም ይያዙ።»

በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት ከጋሼ ጋር ፎቁ ሥር ነበርኩ። ነጋዴው መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፋ ልገባ ስል ጋሼ የነጠላዬን ጫፍ ያዙ።

«ምን ልትሆኚ ነው? ሰውየው ገና ምንም አልሸጠም እኮ። በጠዋት ዕቃ ትመልሺበታለሽ? ገዱን ልታጠፊበት ነው?»

አፈርኩ። እኔ ራሴ ጠዋት ሳልሸጥ ቀሚስ የመለሰችብኝን ሴት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው አልገባልኝም ነበር። ስለዚህ ደረጃው ጋ ቆመን የመጀመሪያ ገዢውን መጠበቅ ጀመርን። አንድ ሰው መጣ፣ ዋጋ ጠይቆ ሄደ። ሁለት ሴቶች መጡ፣ ሁሉንም ነክተው ሄዱ። ጊዜው ነጎደ፤ እኔ እግሬን እያፈራረቅኩ ቆሜያለሁ፣ ጋሼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በጣታቸው የሆነ ነገር ይቆጥራሉ። በመጨረሻ አንዲት እናት የስልክ ቻርጀር ያዘች። ተከራከረች፣ አስቀመጠች፣ አነሳች፣ እንደገና አስቀምጣ ልትሄድ ዞረች። አልቻልኩም፤ ዘልዬ ገባሁ።

«እናቴ፣ ውሰጂው! የዚህ ሰው ዕቃ የታመነ ነው!»

በነጠላዬ ሥር የገዛ ዕቃው ጎብጦ እያለ ይህን አልኩ። ሴትየዋ ዐይታኝ አመነችኝ፣ ከፍላ ወሰደች። ነጋዴው ፊቱ በራ።

«ወላሂ ገደኛ ነሽ!» አለኝ። «ግቢ፣ ተቀመጪ። ምን ልታዘዝ?»

ነጠላዬን ገለጥኩና ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አኖርኩ። ፈገግታው ቦታው ላይ እንዳለ ደረቀ።

መጀመሪያ ታብሌቱን አገላብጦ «ትንሽ መጉበጥ ያለ ነው፣ ሁሉም እንዲሁ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ድምፄ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ሄደ። ሥዕሉ ሲዘል አሳየሁት፤ ቁልፉን አንቀጫቀጭኩለት፤ የሚያፈሰውን ብርሃን በእጄ ጋርጄ አሳየሁት። ሁሉንም አየ።

«እህቴ፣ ልክ ነሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ግን እኔስ? ሦስት ቀርተውኛል፤ ሦስቱም እንደታሸጉ ናቸው። አንዱን ከፍቼ እሱም ጎባጣ ቢሆን ምን ላድርገው? የተከፈተ ማን ይገዛኛል? አንቺ ራስሽ ያልተከፈተ ካልሆነ ብለሽኝ አልነበር?»

 ይሄ ሰው በገዛ አፌ ነው የያዘኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያኔ ክፈተው ማለት ነበረብኝ» አልኩት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ታብሌቱ ለማን እንደሆነ ነገርኩት። ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ስለ ዓይናቸው ሲወራ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ።

ነጋዴው ወንበር ጎተተላቸው። «ይቀመጡ አባባ።»

ጋሼ ሳይቀመጡ ክራቸውን አወጡ። «አንዱን ብቻ ክፈትልን የኔ ልጅ። ቀና ከሆነ እሱን እንወስዳለን። ከጎበጠም ከአስመጪው ጋር የምትነጋገረው ዛሬውኑ ነው፤ ሸጠህ ሰው ከሚጮህብህ ይሻልሃል።»

ሰውየው ሦስቱን ካርቶኖች ባንኮኒው ላይ ደረደረ። ከዚያ ምላጩን አንስቶ የመጀመሪያውን ላስቲክ ቀደደ። ጋሼ በጣታቸው ዳሰሱ፣ ክሩን ወጠርን፤ በዚያው ጥግ፣ በዚያው በኩል ብርሃን ገባ። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ አየና ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆኗል።

«እንዴ! እኔን ነው እንዴ የሚጫወቱብኝ?» ብሎ ሁለተኛውን ማንም ሳይጠይቀው ቀደደ። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት ነጋዴዎች ተሰብስበዋል፤ አንዱ የስልኩን መብራት አበራልን። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው አንዱን ጥግ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛውን አለፈ፣ አራተኛውንም አለፈ። ክሩ ተወጠረ። መብራቱን የያዘው ሰው ከዚህም ከዚያም ቢያበራ የሚያልፍ ብርሃን የለም።

«ቀና ነው!» አሉ ጋሼ።

ፎቁ በጩኸት ተናጋ። ሥዕሉን ወደ አዲሱ አዛወርንና አሰፋነው፤ ሁላችንም እጃችንን ከባንኮኒው አንስተን ይዘል እንደሆነ ጠበቅን። ጋሼ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ሃያ ላይ ሰው ሁሉ አብሯቸው መቁጠር ጀመረ። መቶ ሲሉ ሥዕሉ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ የማላውቀውን የጎረቤት ነጋዴ አቀፍኩት።

አቅፌው ሳለሁ ዓይኔ አንድ ነገር አየ። የአዲሱ ታብሌት የቻርጀር ቀዳዳ አጠገብ ቀለሙ የሩዝ ፍሬ ያህል ተፈግፍጓል። አዲስ፣ ገና አሁን የተከፈተ!

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሦስተኛውን ክፈት!» አልኩ።

ነጋዴው በልመና አየኝ። ጋሼ ግን ታብሌቱን ብብታቸው ሥር ከተው ነበር።

«ጭረቱን አንቺ ተመልከቺው፤ እኔ ጥለቱን ልየው» አሉና ወደ ደረጃው አመሩ። ተከተልኳቸው፤ ምን ላድርግ? ከኋላችን አንዱ ነጋዴ ካርቶን ታቅፎ «አባባ፣ የኔንም አንዴ ይለኩልኝ!» እያለ ይጣራል። ጋሼ ተመልሰው ለኩለት። የሱ ቀና ሆነ፣ ሲመርቃቸው እስከ ታች ተሰማ።

በዚያው ሳምንት ታብሌቱን ከሽመና ዕቃቸው ምሰሶ ላይ በጣውላ መደርደሪያ አቆምንላቸው። አልቻልኩም፤ ሱቄን ዘግቼ በየቀኑ ልያቸው እሄድ ነበር። በአራተኛው ቀን ስገባ መወርወሪያቸው ቆሟል። ጋሼ እጃቸውን አጣምረው ስክሪኑን ያያሉ። የፈራሁት ደረሰ፣ ታብሌቱ ተበላሸ ወይ ዓይናቸው ደከመ አልኩና በር ላይ ቀረሁ።

«ነይ ወዲህ» አሉኝ። ድምፃቸው ጠንከር ብሏል። «ይሄን የሳለው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«መስቀሉ አንድ ካሬ ወደ ግራ ሄዷል። አይታይሽም? እዚህም እንዲሁ። ቀዩን ደግሞ ከዚህ ጋ ለምን ደፈንሽው? ወርቃማው መተንፈሻ አጣ እኮ! ስንት ዓመት ሠርተሽ ይሄ ይጠፋሻል?»

 ጋሼ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወረቀቴ ላይ አንዲት ስሕተት አውጥተው አያውቁም። ከዚያ በፊት ግን ወረቀቴ ከእጃቸው ያለ ቁጣ ተመልሶ አያውቅም። ተቆጪ ሲጠፋ ጥበቡ ገባኝ ብዬ ነበር። ለደንበኞቼም «አሁንስ ጋሼ እንኳን እንከን አጡብኝ» እያልኩ ጉራዬን ነዝቻለሁ። ልብሱ ሲወጣ ከወረቀቱ ለየት ሲል የእጃቸው ዓመል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን ሥዕል አላዩትም። በልማድ፣ ከሐሳባቸው እያወጡ ነበር የሚሸምኑልኝ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ።

«አላዩትም ነበር?» አልኳቸው። «ወረቀቶቹን ማለቴ ነው።»

 ብዕሩን አነሱና ዘረጉልኝ።

«አስተካክዪ እንጂ፣ ምን ያስለቅስሻል? እኔ እኮ ሥራ አለብኝ!»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። አጠገባቸው በርጩማው ላይ ተቀምጬ መስቀሉን አንድ ካሬ ወደ ቀኝ መለስኩ። ቀዩን አሳሳሁ። ሦስተኛውን ስሕተት ሳልጨርስ ጋሼ አራተኛውን አገኙ።